ፎርማት ተደርጎ የሚሸጥ ኮምፒውተርና በውስጡ የሚቀረው የሰው ሰነድ

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮችን ልሸጥ ነው፤ ሁለቱ ሃርድ ዲስክ ያላቸው ዴስክቶፖች፣ አንዱ ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ ነው። የደንበኞቼን ፋይሎች በሙሉ ሰርዤ፣ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጌ፣ አንዱን ዴስክቶፕ ፎርማትም አድርጌው ነበር። ሊገዛ የመጣው ነጋዴ ግን እዚያው ቆሞ በአንድ ሶፍትዌር የፓስፖርት ኮፒዎችን፣ የክስ ማመልከቻዎችንና የአንዲት ተማሪን የመመረቂያ ጽሑፍ መልሶ አሳየኝ። ኮምፒውተሮቹ ሳይበላሹ የፋይሎቹ ዱካ ለዘለቄታው እንዲጠፋ ምን ላድርግ? በላዩ ላይ 35 ጊዜ እየጻፈ የሚያጠፋ ፕሮግራም ያስፈልጋል የሚባለውስ እውነት ነው?»

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት ነጋዴውን ያመስግኑት። ያየውን ሳይነግርዎ ዋጋ ተከራክሮ ኮምፒውተሩን ጭኖ ቢሄድ ኖሮ እነዚያ ፓስፖርቶች ዛሬ በማን እጅ እንዳሉ አያውቁም ነበር። የተጠቀመበት ሶፍትዌርም የተለየ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም፤ በነጻ የሚገኝ፣ ከመርካቶ እስከ ቦሌ ያሉ የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች በየቀኑ የሚሠሩበት ነው። እኔም የምተዳደረው የጠፋ ፋይል በመመለስ ስለሆነ ምላሼን የምጽፍልዎ የተሰረዘውን ፋይል ከሚፈልገው ሰው ወገን ሆኜ ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ከእጅዎ የሚወጣ ኮምፒውተር ላይ ፋይል በፋይል እያሳደዱ ማጥፋትን ይተዉት፤ ዲስኩን በሙሉ ያጽዱት። ለዴስክቶፖቹ ሃርድ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ዜሮ መጻፍ ይበቃል። ለላፕቶፑ ግን ይህ ዘዴ አያስተማምንም፤ ኤስኤስዲው ራሱን እንዲያጸዳ ማዘዝ ያስፈልጋል። ቸኩለው ከሆነ እዚህ ላይ አቁመው ወደ ሥራው መግባት ይችላሉ። ብዙ ሰው ግን አንዱን ዘዴ ለሌላው ዲስክ እየተጠቀመ ስለሚሳሳት ምክንያቱን ማወቁ አይጎዳዎትም።

ዊንዶውስ ፋይሎችን የሚያስተዳድርበት ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ሥርዓት አንድ ዋና መዝገብ አለው። የእያንዳንዱ ፋይል ስም፣ ቀን፣ መጠንና ይዘቱ በዲስኩ ላይ የተቀመጠበት ቦታ እዚያ ይሰፍራል። እርስዎ ፋይሉን ሲሰርዙ ዊንዶውስ መስመሩ ከእንግዲህ እንደማያገለግል ምልክት ያደርግበታል፣ ፋይሉ የያዛቸውንም ቦታዎች ነጻ ናቸው ይላል፤ ይዘቱን ግን አይነካውም። በቀበሌ መዝገብ ባዶ ተብሎ የሰፈረ፣ ተከራዩ ግን ከነዕቃው ያልወጣበት ቤት ማለት ነው። ይዘቱ የሚጠፋው ሌላ ፋይል መጥቶ በዚያው ቦታ ላይ ሲጻፍበት ብቻ ሲሆን ግማሹ ባዶ በሆነ ዲስክ ላይ ያ ቀን ከዓመታት በኋላ ሊመጣ፣ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። መጠናቸው ከ700 ባይት ገደማ የማይበልጥ ጥቃቅን ፋይሎች ደግሞ የራሳቸው ቦታ እንኳን አይሰጣቸውም፤ ይዘታቸው እዚያው መዝገቡ ውስጥ ይጻፋል። የይለፍ ቃል ወይም የስልክ ቁጥር የያዘች አጭር ማስታወሻ እንዲህ ያለች ናት። ነጻውን ቦታ ብቻ የሚያጸዱ ፕሮግራሞች መዝገቡን ካልነኩ እሷን አያገኟትም።

ፎርማቱስ? ዊንዶውስ ሳይነኩት የሚያቀርብልዎ ፈጣኑን ፎርማት ነው። ይህ አዲስ ባዶ መዝገብ ይከፍታል እንጂ አሮጌውን ይዘት አያጠፋም፤ ነጋዴው ሰነዶቹን ያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። የፈጣን ፎርማት ምልክቱን ካነሱት ሙሉ ፎርማት ይሆናል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት በክፍልፋዩ ላይ በሙሉ ዜሮ ይጽፋል (ክፍልፋይ ማለት ዲስኩ የተከፈለበት ክፍል፣ ለምሳሌ C: ወይም D: ነው)። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ሙሉ የሚባለው እንኳን የዲስኩን ጤንነት ከመፈተሽ አያልፍም ነበር። «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ማለት ብቻውን ምንም የማይነግረኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ የትኛውን ፎርማት፣ በየትኛው ዊንዶውስ ብዬ እጠይቃለሁ።

ነገሩ የእኛ አገር ቸልተኝነት ብቻ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሼላት የተባሉ ሁለት የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከሁለተኛ እጅ ገበያ የገዟቸውን 158 ሃርድ ዲስኮች መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ከእነዚህ ውስጥ 129ኙ የሚሠሩ ነበሩ፤ በትክክል ጸድተው የተገኙት ግን 12 ብቻ ናቸው። ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች ወጡባቸው፤ አንደኛው ዲስክ ከባንክ የገንዘብ መክፈያ ማሽን የተነቀለ ነበር።

አሁን ወደ 35ቱ እንምጣ። ቁጥሩ የመጣው በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ካቀረበው ጥናት ነው። በዚያ ዘመን ሃርድ ዲስኮች መረጃን የሚመዘግቡባቸው ስልቶች የተለያዩ ስለነበሩ ለሁሉም የሚሆኑ ንድፎችን በአንድ ዝርዝር ሰበሰባቸው። ለአንድ ዲስክ ሁሉም ያስፈልጋሉ አላለም። በኋላ ራሱ ሰዎች ዝርዝሩን እርኩስ መንፈስ እንደሚያባርር ድግምት ቆጠሩት ብሎ አማሯል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ስለ መረጃ ማጽዳት ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታደሰው መመሪያም ለዘመናዊ ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መጻፍ በዘመናዊ ቤተ ሙከራ እንኳን መረጃውን ከመመለስ እንደሚያግድ ገልጿል። ሂሳቡንም እንይ። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 83 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በ35 ሲባዛ ከ48 ሰዓት ይበልጣል። መብራት ሳይጠፋ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት! ፕሮግራሙን የሚሸጥልዎ ሰው ይህን አይነግርዎትም።

ዴስክቶፖቹን እንዲህ ያጽዷቸው። ዊንዶውስ ራሱ ተነሥቶ የሚሠራበትን ዲስክ ማጽዳት ስለማይችል ኮምፒውተሩን ዊንዶውስ ከሚጫንበት ፍላሽ ያስነሡት። የመጫኛው የመጀመሪያ ገጽ ሲመጣ ሺፍትና ኤፍ 10 ቁልፎችን አብረው ይጫኑ፤ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል። እዚያ ዲስክፓርት የሚለውን ፕሮግራም ይጥሩ፣ የዲስኮቹን ዝርዝር ያውጡ፣ የሚጸዳውን ይምረጡ፣ ከዚያ ክሊን ኦል የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ክሊን ብቻ ብለው ካቆሙ የሚጠፋው የክፍልፋዮቹ ሠንጠረዥ ነው፤ ኦል የምትለዋ ቃል ናት በእያንዳንዱ ሴክተር (የዲስኩ ትንሿ የማከማቻ ክፍል) ላይ ዜሮ የምታስጽፈው። እዚህ ላይ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ከመጫኛው ፍላሽ በቀር ሌላ የተሰካ ውጫዊ ዲስክና ፍላሽ ሁሉ ይንቀሉ፣ ዲስኩንም በቁጥሩ ሳይሆን በመጠኑ ይለዩት። ሥራው እስኪያልቅ መስኮቱ ጸጥ ብሎ ይቆያል፤ ተበላሸ ብለው አያጥፉት። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ጉዳት የለውም፤ ከመጀመሪያው ይደግሙታል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ያረጀ ሃርድ ዲስክ የተጎዱ ሴክተሮችን ከአገልግሎት አውጥቶ በመጠባበቂያ ይተካቸዋል፤ የወጡትን ዲስክፓርት አያያቸውም። ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ቁጥራቸውን ያሳይዎታል። ብዙ ከሆኑ ያን ዲስክ ነቅለው ያስቀሩና ኮምፒውተሩን ያለ ዲስክ ይሽጡ። ገዢውንም ሊሞት ከተቃረበ ዲስክ አዳኑት ማለት ነው።

ላፕቶፑ ሌላ ታሪክ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ መረጃው በማስታወሻ ቺፖች ውስጥ ይቀመጣል። እነዚህ ቺፖች ደግሞ የሚችሉት የመጻፍ ብዛት ውሱን ስለሆነ የኤስኤስዲው ውስጣዊ ተቆጣጣሪ ድካሙን በሁሉም ላይ ያከፋፍላል። እርስዎ በአንድ ፋይል ላይ እንደገና ሲጽፉ አዲሱ ጽሑፍ ሌላ ክፍል ላይ ያርፋል፤ አሮጌው ተራው ደርሶ እስኪጸዳ ባለበት ይቆያል። ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ የማያየው ትርፍ ቦታ በውስጡ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች ኤስኤስዲዎችን ፈትተው ቺፖቹን በቀጥታ አነበቧቸው። አንድን ፋይል ለይተው እናጠፋለን የሚሉት ፕሮግራሞች ከይዘቱ ከ4 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ትተው ነበር። በሃርድ ዲስክ ዘመን የተወለዱት ፋይል ቀርጣፊ ፕሮግራሞች ሁሉ ኤስኤስዲ ላይ የሚያደርጉት ዕድሜውን ማሳጠር ነው ብል ብዙም አልበደልኳቸውም።

ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ትሪም የሚባል አሠራር አለ። ፋይል ሲሰረዝ ዊንዶውስ ለኤስኤስዲው እነዚህ ቦታዎች አያስፈልጉም ብሎ ይነግረዋል፣ ተቆጣጣሪውም በራሱ ጊዜ ያጸዳቸዋል። ከኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ፋይል እንድመልስላቸው የሚመጡ ሰዎችን ብዙ ጊዜ ባዶ እጃቸውን የምሸኛቸው በዚህ የተነሣ ነው። ቢሆንም «በራሱ ጊዜ» የሚለው ላይ ተመሥርተው የሰው ፓስፖርት የነበረበትን ላፕቶፕ አይሽጡ።

ትክክለኛው መንገድ ኤስኤስዲው ራሱ የተሠራበትን የማጽጃ ትእዛዝ መስጠት ነው። ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ይህን በባዮሳቸው (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት በሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ይዘውታል፤ በኤችፒ የቢሮ ሞዴሎች ሴኪዩር ኢሬዝ፣ በዴል ላቲቲዩድ ዴታ ዋይፕ በሚል ስም ያገኙታል። በባዮሱ ከሌለ የኤስኤስዲው አምራች የሚያቀርበውን ፕሮግራም ይጠቀሙ፤ ሳምሰንግ ከሆነ ማጂሺያን የተባለው ማጽጃ ፍላሽ ያዘጋጅልዎታል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም። ነገር ግን እዚህ ላይ መብራት ቀልድ አይደለም። ሳታ በሚባለው የማገናኛ ዓይነት የሚሠሩ ኤስኤስዲዎች ሲጸዱ መጀመሪያ የይለፍ ቃል ይደረግባቸዋል፣ ሥራው ሲያልቅ ይነሣል። መሐል ከተቋረጠ ዲስኩ እንደተቆለፈ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ያድርጉት።

ሁለቱም መንገድ ካልሆነልዎ በዊንዶውስ 10 እና 11 ቅንብሮች ውስጥ ኮምፒውተሩን ወደ መጀመሪያው መመለስ የሚለውን ይምረጡ፣ ሁሉንም አጥፋ ይበሉ፣ ከዚያ ተጨማሪ ምርጫዎችን ከፍተው ድራይቩን አጽዳ የሚለውን ያብሩ። ሳያበሩት ካለፉ ፋይሎቹ ተሰረዙ እንጂ አልጸዱም። ከባዮሱ ዘዴ ያነሰ ነው፤ ከጥገና ቤት ሶፍትዌር ግን ያድናል።

በሱቅዎ የሚቀሩት ኮምፒውተሮችስ? አንዱን ፋይል ብቻ ያለ ዱካ ማጥፋት ለምን እንደሚከብድ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። አንድ የክስ ማመልከቻ እርስዎ ጋ ተጽፎ ሲወጣ ዎርድ በየደቂቃዎቹ ያስቀመጠው ረቂቅ አለ። የተቃኘ ፎቶ ከሆነ ዊንዶውስ ትንንሽ ምስሉን በራሱ ማኅደር ይይዘዋል፤ ዋናው ፎቶ ከተሰረዘ በኋላም ምስሉ እዚያ ይገኛል። የፍለጋ ማውጫው የሰነዱን ቃላት መዝግቧል። ዊንዶውስ ችግር ሲገጥመው ወደ ኋላ የሚመለስበት የማስመለሻ ነጥብ ከተፈጠረ የሰነዱ የቀድሞ ቅጂ በድብቅ ሊቀመጥ ይችላል። ኮምፒውተሩ ሃይበርኔት በሚባለው መንገድ ሲጠፋ በጊዜያዊ ማስታወሻው (ራም) ላይ የነበረው ወደ አንድ ትልቅ የተደበቀ ፋይል ይገለበጣል። ወረቀት አልቆ የተቋረጠ ኅትመት በማተሚያው ወረፋ ይቀራል። ደንበኛው በቴሌግራም የላከው ፋይል ደግሞ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚባለው ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል። እርስዎ የሰረዙት ከዚያ ገልብጠው የሠሩበትን ነው። የሚሸጡት የማጽጃ ፕሮግራሞች በቅርብ የተከፈቱትን ዝርዝርና የአሳሹን ታሪክ አጥፍተው ንጹሕ ሆነ ይሉዎታል፤ ከዘረዘርኳቸው ግን ግማሹን እንኳን በወጉ አይነኩም።

ስለዚህ እነዚህን ዱካዎች አንድ በአንድ ከማሳደድ ዲስኩን በሙሉ ያመስጥሩት፤ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ያድርጉት። ዊንዶውስ ፕሮ ካለዎት ቢትሎከር አብሮት ይመጣል፤ ሆም ከሆነና የራሱ የመሣሪያ ምስጠራ ከሌለው ቬራክሪፕት የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያገለግልዎታል። ቢትሎከር ሲጀምሩ ያገለገለውን ቦታ ብቻ ወይስ ድራይቩን በሙሉ ብሎ ይጠይቅዎታል። አዲስ ካልሆነ ሁልጊዜ በሙሉ የሚለውን ይምረጡ፤ አለበለዚያ ቀደም ብለው የተሰረዙት ፋይሎች በነጻው ቦታ ላይ ሳይመሰጠሩ ይቀራሉ። ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ አንድም የደንበኛ ፋይል ሳይገባበት፣ ገና ሲገዛ ማመስጠር ይሻላል፤ ምክንያቱም ዘግይቶ የመጣ ምስጠራ በትርፉ ቦታ የቀሩትን አሮጌ ቁርጥራጮች አይደርስባቸውም። የማስመለሻ ቁልፉን በወረቀት አትመው ከኮምፒውተሩ ርቆ ያስቀምጡ። እሱ ከጠፋ እኔም ሌላም ባለሙያ ፋይልዎን አንመልስልዎትም፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ያለውና ያልተመሰጠረ ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሳይፈር የተባለው ትእዛዝ ነጻውን ቦታ ሦስት ጊዜ ይጽፍበታል፦ በዜሮ፣ በአንድ፣ በመጨረሻም በዘፈቀደ ቁጥሮች። ቅዳሜ ማታ ሱቁን ሲዘጉ ጀምረውት ቢሄዱ ሰኞ ጠዋት አልቆ ያገኙታል። ጥቃቅኖቹን ፋይሎች ሊስት እንደሚችል ግን ከላይ ከተነገረው ያስታውሱ።

ፍላሾችን በተመለከተ ነገሬ አጭር ነው። በውስጣቸው ከኤስኤስዲ ጋር የሚመሳሰል ቺፕ አለ፣ የማጽጃ ትእዛዝ ግን አብዛኞቹ የላቸውም፤ ዋጋቸውም ያን ያህል አይደለም። የሰው ምስጢር የዞረበትን ፍላሽ አይሽጡት፣ አይስጡት፤ ቺፑን ራሱን ሰባብረው ይጣሉት። የማይነሣ ሃርድ ዲስክም እንደዚሁ ነው። አልሠራም ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ የሞተ ዲስክ መልሶ ማንበብ የእኛ ሙያ ነው። በውስጡ መረጃው የተጻፈባቸውን ሳህኖች በመሰርሰሪያ ይብሷቸው።

የደመና ማከማቻንም አይርሱ። ኮምፒውተሩ ከጎግል ድራይቭ ወይም ከዋንድራይቭ ጋር ተያይዞ ከሆነ ቅጂው እዚያ አለ፤ ሲሰርዙትም ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። የቴሌግራምና የኢሜይል መለያዎንም ከሚሸጡት ኮምፒውተር በስልክዎ በኩል ያስወጡ።

የሚጠፋና የማይጠፋ ይለይልዎ። የግብር ሰነድዎን፣ ደረሰኝዎን፣ ክርክር የተነሣበት ውል ካለ ረቂቁን ወደ ሌላ የተመሰጠረ ዲስክ ሳይገለብጡ ማጽዳት አይጀምሩ። በሌላ በኩል የደንበኛን መታወቂያ ኮፒ «ምናልባት ተመልሶ ቢመጣ» ብሎ ለዓመታት ማቆየት የብዙ ጽሕፈት ቤቶች ልማድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ካለ በኋላ ግን ይህን ልማድ ቢተዉት ይሻልዎታል። የአዋጁ መርህ የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይያዝ ነው። ሥራው ተከፍሎበት ሲወጣ ፋይሉም ይውጣ።

ጽዳቱ ሲያልቅ ያንኑ ነጋዴ ይጥሩትና በዚያው ሶፍትዌር ይፈትሽ። ሃርድ ዲስኩ ላይ የአንድም ፋይል ስም ማግኘት የለበትም። በኤስኤስዲው ላይ ፍተሻው የሚያሳየው ከውጭ የሚታየውን ቦታ ብቻ ነው፤ ለውስጡ የሚያምኑት ትእዛዙ ያለ ስህተት መጠናቀቁን የሚገልጸውን መልእክት ስለሆነ ገጹን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ያልጠየቁኝ አንድ ነገር አለ፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ። ትልልቆቹ የቢሮ ኮፒ ማሽኖች ብዙዎቹ በውስጣቸው ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ የሚገለበጠው፣ የሚቃኘውና የሚታተመው ወረቀት ምስል እዚያ ሊቀመጥ ይችላል። አፊኒቲ ሄልዝ ፕላን የተባለው የኒውዮርክ የጤና መድን ድርጅት ተከራይቶ የመለሳቸው ኮፒ ማሽኖች ውስጥ የሰዎች የሕክምና መረጃ በመቅረቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። ነገሩ የታወቀው አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከማሽኖቹ አንዱን ገዝቶ ዲስኩን ሲያስመረምር ነበር። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትንንሾቹ ፕሪንተሮች አብዛኛውን ጊዜ ይህ የለባቸውም። የእርስዎ ማሽን ቆሞ የሚሠራ ትልቅ ከሆነ ግን በአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ወደ ቅንብሩ ገብተው የሃርድ ዲስክ ማጽጃ ወይም በላዩ መጻፊያ የሚል ምርጫ ይፈልጉ። ማሽኑን ለመሸጥ ካሰቡ ምርጫውን ያስኬዱት፤ ምርጫው ከሌለ ደግሞ የጥገና ባለሙያው ዲስኩን ነቅሎ ለእርስዎ እንዲያስረክብዎ ከሽያጩ በፊት ይስማሙ።